ቱብለስ የኮርስ ጎማ መንገድ ላይ ሲበሳ፦ ምን ይዘን እንውጣ፣ እንዴትስ እንጠግን

ቱብለስ የብስክሌት ጎማ ውስጡ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) የለውም። አየሩን የሚይዙት ጎማው ራሱ፣ ቸርኬው ላይ ዙሪያውን የተለጠፈው ቴፕ እና ውስጡ የሚንከባለለው ሲላንት የተባለው ማሸጊያ ፈሳሽ ናቸው። ትንሽ እሾህ ሲገባ ፈሳሹ ቀዳዳው ላይ ደርሶ ይረጋና ይደፍነዋል። ብዙ ጊዜ ጋላቢው ጎማው መበሳቱን እንኳ ሳያውቅ ያልፋል። ይህ ምቾት ብዙዎችን ያዘናጋል፤ ፈሳሹን ተማምነው ሌላ ምንም ሳይይዙ ይወጣሉ።

የኮርስ፣ ማለትም የአስፋልት ብስክሌት ጎማ ግን እንደ ማውንቴን ብስክሌት ጎማ አይደለም። ቀጭን ነው፣ የሚነፋውም በከፍተኛ ግፊት ነው። በ1.5 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሚሄድ ወፍራም ጎማ ላይ ወዲያው የሚዘጋ ቀዳዳ 5 ባር በተነፋ ጎማ ላይ ሲሆን አየሩ ፈሳሹን እየገፋ ያስወጣዋል፤ ለመርጋት ፋታ አያገኝም። ነጭ ፈሳሽ ፍሬሙንና የጋላቢውን ጀርባ እየረጨ ጎማው ይተነፍሳል። አንዳንዴ ግፊቱ ወደ 2 ወይም 3 ባር ሲወርድ ቀዳዳው በራሱ ይያዛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጎማው ባዶ እስኪሆን አይቆምም።

ስለዚህ የምንይዘው እቃ አንዱ ሲከሽፍ ሌላው እንዲተካው ሆኖ ይዘጋጃል። ፈሳሹ ካልደፈነ የላስቲክ ክር፣ ክሩ ካልያዘ የውስጥ ጎማ፣ ጎማው ከተቀደደ ከውስጥ የሚደረግ ደጋፊ ቁራጭ፣ ለሁሉም ደግሞ አየር። እቃ መያዝ ብቻውን ግን አይበቃም። መንገድ ላይ ሰው የሚቸገረው እቃ ስላልያዘ ብቻ አይደለም፤ የያዘው እቃ ከራሱ ጎማና ቸርኬ ጋር የማይገጥም ሆኖ ስለሚገኝም ነው። የውስጥ ጎማው ቫልቭ ለቸርኬው ያጥራል፣ ሲላንቱ ደርቋል፣ የቫልቩ ዳዶ በእጅ አልፈታ ይላል። ይህ ሁሉ ቤት ሳለን ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው።

ከመውጣት በፊት

መጀመሪያ የሲላንቱን መጠን አረጋግጡ። ከ25 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ጎማ ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር፣ ከ30 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ላለው ከ45 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ፈሳሹ እንደ አየሩ ሙቀትና ድርቀት ከ2 እስከ 6 ወር ውስጥ ይደርቃል፤ በሞቃትና በደረቅ አየር ቶሎ ያልቃል። ለማየት ጎማውን አስተንፍሱ፣ ቫልቩን ከታች ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፣ የቫልቩን እምብርት (የሚፈታውን የውስጥ ክፍሉን) ፈትታችሁ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስገቡ። እርጥብ ሆኖ ከወጣ ፈሳሽ አለ፤ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በዚያው ቀዳዳ ጨምሩ። ጎማውን እየነቀነቁ ድምፁን መስማትም ይረዳል፤ ትንሽ ፈሳሽ ግን ድምፅ ስለማይሰጥ ብዙ አትተማመኑበት።

ሁለተኛ፣ የቫልቩን ዳዶ በጣት ብቻ አጥብቁት። በፒንሳ የተጠበቀ ዳዶ መንገድ ላይ በሲላንት በራሰ እጅ አይፈታም፤ ካልተፈታ ደግሞ የውስጥ ጎማ ማስገባት አይቻልም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። ይዛችሁ በምትወጡት መፈልቀቂያ ብቻ ጎማውን አንድ ጊዜ ከቸርኬው አውጥታችሁ መልሱት። የቱብለስ ጎማ ጠርዝ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ እንዲቀመጥ ስለሚሠራ አንዳንዱ ጎማና ቸርኬ ሲጣመሩ በእጅ የማይሞከሩ ይሆናሉ። ቤት ውስጥ ተረጋግታችሁ ያቃታችሁ ነገር መንገድ ዳር በድካም አይሳካም። እንዲህ ከሆነ መፈልቀቂያውን ወይም ጎማውን ቀይሩ።

የሚያዙት እቃዎች

*የመድፈኛ ክር።* ፕላግ የሚባለው ይህ ነው፦ በሚያጣብቅ ላስቲክ የተነከረ ቡናማ ወይም ጥቁር ክር፣ ጫፉ ሹካ በሚመስል መርፌ ቀዳዳው ውስጥ የሚከተት። ውፍረቱን አስተውሉ። 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ለወፍራም ጎማ የተሠራ ነው፤ በኮርስ ጎማ ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ በግድ ሲገባ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ለኮርስ ዋናው 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ቀጭኑ ነው። ቀጭን 4፣ ወፍራም 2 ብትይዙ አብዛኛው ቀዳዳ ይሸፈናል። ለሰፋ ቀዳዳ ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ክር ጎን ለጎን ማስገባትም ይቻላል።

አንዱን ክር መርፌው ላይ አስቀድማችሁ አስገብታችሁ ያዙ፤ አየር እየወጣ ክር በመርፌ ዓይን ለማሾለክ መታገል ጊዜ ይፈጃል። የቀሩትን አየር በማያስገባ ትንሽ ላስቲክ ከረጢት አሽጓቸው፤ ክሩ አየርና አቧራ ሲነካው ማጣበቁን ያጣል። መርፌው ያለበት ቦታም ወሳኝ ነው። ከኮርቻ ስር ባለው ቦርሳ ታች ተቀብሮ ከሆነ እስኪወጣ ድረስ ጎማው ባዶ ይሆናል። የካኔተራ ኪስ ወይም በመሪው ጫፍ ውስጥ የሚገጠመው ዓይነት ይሻላል።

*አየር።* የእጅ መንፊያና የሲኦቱ (የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ) ቆርቆሮ ሁለቱም የየራሳቸው ደካማ ጎን ስላላቸው አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። 16 ግራም ጋዝ የያዘ ቆርቆሮ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የተለመደ የኮርስ ጎማ (700ሲ) ከባዶ አንስቶ በስሌት ወደ 7 ባር ያስጠጋዋል፤ በመግጠምና በመንቀል የሚባክነው ሲቀነስ 6 አካባቢ ታገኛላችሁ። 32 ሚሊ ሜትር ላይ ያው ቆርቆሮ 5 ገደማ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ ከ32 በላይ ለሆነ ጎማ 25 ግራም ይሻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ ጠርዙ መንጠቆ የሌለው፣ ሁክለስ የሚባለው ቸርኬ ከ5 ባር ወይም 72.5 ፒኤስአይ በላይ እንዲነፋ አይፈቀድም። አንድ ሙሉ 16 ግራም ቆርቆሮ ጠባብ ጎማ ላይ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ቸርኬ መክፈቻና መዝጊያ ያለው የሲኦቱ ራስ ያዙ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያፈሰውን አትያዙ።

ሲኦቱ ከተራ አየር ይልቅ በላስቲክ ውስጥ ቶሎ ያልፋል፤ በማግስቱ ጎማው ቢላላ አዲስ ቀዳዳ ነው ብላችሁ አትደናገጡ፣ አስተንፍሳችሁ ተራ አየር ሙሉት። የቆርቆሮው አንገት ጥርስ ያለውና የሌለው ስለሚኖር ከሲኦቱ ራስ ጋር መግጠሙን ቤት አረጋግጡ። በአውሮፕላን ስትጓዙ ደግሞ ቆርቆሮው ሊከለከል ወይም ቅድመ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል፤ አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቆርቆሮ ያልቃል፣ የእጅ መንፊያ አያልቅም። በትንሽ መንፊያ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ 4 ባር ለማድረስ ከመቶ በላይ፣ አንዳንዱ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ጊዜ መግፋት ይጠይቃል፤ ያደክማል እንጂ ያስኬዳል። አጭር ቱቦ ያለው መንፊያ ቫልቩን ስለማያንገላታው ይመረጣል። ቱቦው በጥርስ የሚጠበቅ ከሆነ ግን አንድ የታወቀ ችግር አለበት፦ ሲፈታ የቫልቩን እምብርት ይዞት ይወጣና የለፋችሁበት አየር በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እምብርቱን በመፍቻው ቤት ውስጥ አጥብቁት። በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ መንፊያዎችም ጥሩ ናቸው፤ ባትሪያቸው የሚበቃው ግን ለጥቂት ጎማ ስለሆነ ብቻቸውን አትተማመኑባቸው።

*የውስጥ ጎማ።* ለአጭር ጉዞ 1፣ ለሙሉ ቀን 2። የቫልቩ ርዝመት የቸርኬው ጥልቀት ላይ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ተጨምሮ ይሁን፤ 45 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላለው ቸርኬ 60 ሚሊ ሜትር ቫልቭ ማለት ነው። ቲፒዩ ከሚባለው ቀጭን ፕላስቲክ የሚሠራው ከ25 እስከ 40 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ቦታም አይፈጅም። ከጎማው ውጭ ግን ቅርፅ ከሚይዝበት በላይ አትንፉት፤ ከተለጠጠ አይመለስም። በተራ ልጥፍና ማስቲሽም አይጠገንም፣ የራሱን ልጥፍ ይፈልጋል። ከየትኛውም ዓይነት ቢሆን ከቁልፎች ጋር አብሮ ቦርሳ ውስጥ አይጣል። በየጉዞው ንዝረት ብረቱ እየፈተገው፣ ጥቅም ላይ ሳይውል ቀዳዳ ያወጣል። በወፍራም ላስቲክ ወይም በጨርቅ ጠቅልሉት።

*ደጋፊ ቁራጭ።* ከአሮጌ ቀጭን ጎማ 3 በ6 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን ስስ አድርጋችሁ ያዙ። ክብደቱ ከምንም አይቆጠርም፤ ጎማው በጠርሙስ ስባሪ ሲሰነጠቅ ግን ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው።

የቀሩት ትናንሽ ናቸው፦ 2 መፈልቀቂያ፣ የቫልቭ እምብርት መፍቻ፣ 1 ትርፍ እምብርት፣ ትንሽ ፒንሳ፣ ምላጭ፣ 1 ጥንድ ቀጭን የላስቲክ ጓንት፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጨርቅ። ለረጅም ጉዞ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ሲላንት በትንሽ ጠርሙስ ጨምሩ። ፒንሳው ለሁለት ነገር ነው፤ እሾህ ለመንቀልና እምቢ ያለ ዳዶ ለመፍታት።

ጎማው ሲበሳ

1. ከመኪና መንገድ ውጡና ቁሙ። በተነፈሰ ጎማ መንዳት ቸርኬውንና ቴፑን ያበላሻል፣ መንጠቆ በሌለው ቸርኬ ላይ ደግሞ ጎማው ሊወልቅ ይችላል።

2. ቀዳዳውን ፈልጉ። ፈሳሽ የሚወጣበት ወይም የሚያፏጭ ቦታ ነው፤ ካልታየ ጎማውን ወደ ጉንጫችሁ አስጠግታችሁ አዙሩት፣ ወይም ውሃ ጠብ አድርጉበት።

3. ቀዳዳውን ወደ ታች አዙራችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ፈሳሹ የሚተኛው ከታች ስለሆነ ቀዳዳው ከላይ ሆኖ መጠበቅ ዋጋ የለውም። አየሩ እየቀነሰ ቢሄድም አትደንግጡ፤ ግፊቱ ሲወርድ ነው ፈሳሹ የሚይዘው። ከያዘ ከ3 እስከ 3.5 ባር ብቻ ሙሉና ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ወዲያው ወደ ሙሉ ግፊት መመለስ ገና ያልጠነከረውን ድፍን መልሶ ያስወጣዋል።

4. ካልያዘ ክር አስገቡ። የተሰካው ነገር ገና እዚያው ካለ መርፌውን በእጅ ካዘጋጃችሁ በኋላ ብቻ ንቀሉት። የገባበትን አቅጣጫ አስተውሉ፤ ክሩም በዚያው አቅጣጫ ይግባ። መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት፣ ግን በልክ። 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ውስጥ ከወለሉ እስከ ቸርኬው ያለው ርቀት ትንሽ ነው፤ ኃይል ከበዛበት መርፌው የቸርኬውን ቴፕ ይበሳል። ቴፕ ከተበሳ አየሩ በቸርኬው በኩል፣ በሽቦዎቹ ቀዳዳና በቫልቩ ዙሪያ ይወጣል፤ ያን መንገድ ላይ የሚመልሰው የውስጥ ጎማ ብቻ ነው። ክሩ ከግማሽ በላይ ሲገባና ውጭ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ጭራ ሲቀር መርፌውን ሳታዞሩ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ጭራው ውጭ ይቀራል፣ ከውስጥ ያለው እጥፋት ይይዛል።

5. ከጭራው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ በምላጭ ቁረጡ። ሥሩ ላይ አትቁረጡት፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ምላጭ ከሌለ ተዉት፤ መንገዱ ራሱ ይበላዋል።

6. አየር ሙሉ። በሲኦቱ ከሆነ ቫልቩን ወደ ላይ አዙሩ። ጋዙ ሲወጣ በጣም ስለሚቀዘቅዝ በቀጥታ ፈሳሹ ላይ ከነፋ ብዙውን የላቴክስ ሲላንት እንደ ላስቲክ ፍርፋሪ ያደርገዋል፤ ቫልቩ ከላይ ሲሆን ፈሳሹ ከታች ርቆ ይተኛል። ቆርቆሮውን በባዶ እጅ አትያዙት፣ በረዶ ይሠራል። ከሞላችሁ በኋላ ጎማውን ጥቂት ጊዜ አሽከርክሩና ድፍኑ ላይ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ አረፋ እንዳለ እዩ።

አንዳንዴ አየር አልገባ የሚለው መንፊያው ስለተበላሸ ሳይሆን የቫልቩ እምብርት በደረቀ ሲላንት ስለተደፈነ ነው። መንፊያው ሲገፋ ድንጋይ እንደመታ ቢቆም እምብርቱን ፈታችሁ ትርፉን ተኩበት። ትርፍ እምብርት የምንይዘው ለዚህ ነው፤ ክብደቱ ጥቂት ግራም ነው።

ክሩ ካልያዘ፣ ወይም ጎማው ከጎን ከተቀደደ

የጎማው ጎን ስስና ተለጣጭ ስለሆነ ክር አይይዝበትም። ከ5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ቅዳጅም እንዲሁ። ሦስተኛ ክር ስትሞክሩ አየር ከማባከን ቶሎ ወደ ውስጥ ጎማ እለፉ።

የኋላ ጎማ ከሆነ ካቴናውን ትንሿ ጥርስ ላይ አውርዱ። ዲስክ ፍሬን ያለው ከሆነ ጎማው ወጥቶ ሳለ የፍሬኑን እጀታ አትጫኑ፤ ሸራዎቹ ይጣበቁና ዲስኩ አልገባም ይላል። ጓንት አድርጉ፣ ቫልቩን ከፍታችሁ የቀረውን አየር አውጡ፣ ዳዶውን ፈታችሁ የቱብለሱን ቫልቭ ንቀሉና አትጣሉት። ከዚያ የጎማውን ሁለት ጠርዝ ዙሪያውን በአውራ ጣት ገፍታችሁ በቸርኬው መሃል ወዳለው ቦይ አስገቡ። የጠበቀ ጎማ የሚላላው በዚህ ቦይ ነው፤ ይህ ካልተደረገ መፈልቀቂያ ይሰበራል። ከቫልቩ ትይዩ ካለው ቦታ ጀምራችሁ አንዱን ጎን ብቻ አውጡ። ፈሳሹን አፍስሱ፣ ዲስኩንና የፍሬኑን ሸራ ግን እንዳይነካ።

አሁን የሚመጣው ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቱብለስ ጎማ ለወራት ሲነዳ ብዙ እሾህና የጠርሙስ ደቃቅ ይሰበስባል፤ እያንዳንዱን ፈሳሹ ደፍኖ ስለያዘው ችግር አይታይም። የውስጥ ጎማ ስታስገቡ ግን እነዚያ የተሰወሩ ጫፎች ሁሉ እሱን ይበሱታል። ስለዚህ ዛሬ የበሳውን ብቻ ነቅሎ ማለፍ ሁለተኛውን የውስጥ ጎማ መጨረስ ነው። ጨርቁን በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ አሽሹት፤ የጨርቁ ክር የሚያዝበት ቦታ ሁሉ ላይ ቁሙ፣ ከውጭ በጥፍር ከውስጥ በፒንሳ አውጡት። ጣት አትጠቀሙ፣ ይቆርጣል፣ በራሰ ጓንት ደግሞ ቀጭን ጫፍ አይሰማም። አንድ ዙር ከጨረሳችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ ድገሙት፤ አጋድሎ የተሰካ እሾህ በአንድ በኩል ጨርቅን ሳይዝ ያሳልፋል። ቀደም ሲል ያስገባችሁት ክር የብረት ጫፍ ያለው ዓይነት ከሆነ እሱንም ንቀሉ።

ቅዳጁ ላይ ደጋፊውን ቁራጭ ከውስጥ አድርጉ። የውስጥ ጎማው ቅርፅ እስኪይዝ ብቻ ትንሽ አየር ስጡትና ቫልቩን አስገብታችሁ በጎማው ውስጥ ሳይጠማዘዝ አስተኙት። ቁራጩን በቦታው የሚያቆየው የውስጥ ጎማው ግፊት ነው፣ ስለዚህ እስኪሞላ እንዳይንሸራተት በእጅ ያዙት።

ጎማውን ስትመልሱ ከቫልቩ ትይዩ ጀምራችሁ ቫልቩ ላይ ጨርሱ። ቫልቩ ቦዩን ስለሚይዝ ጠርዙ እዚያ ወደ ታች መውረድ አይችልም፤ ቫልቩ ጋ ብትጀምሩ መጨረሻው ከእጅ አቅም በላይ ይጠብቃል። በተቻለ መጠን በመዳፍ ግፉት። መፈልቀቂያ የግድ ካስፈለገ የውስጥ ጎማውን እንዳይቆነጥጥ ተጠንቀቁ። ከዚያ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ በጠርዙ ስር የተያዘ ነገር ካለ ይለቃል። ዙሪያውን ጠርዙን ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ የውስጥ ጎማው አለመታየቱን አረጋግጡ።

1 ባር ያህል ሙሉና በጎማው ጎን ያለችውን ቀጭን መስመር እዩ፤ ከቸርኬው ያላት ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ከሰመጠች አስተንፍሱ፣ ጠርዙን በውሃ አርሱ፣ ድገሙ። ከተስተካከለች ቀጥሉ። ጠርዙ ወደ ቦታው ሲገባ ጠንከር ያለ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል፣ ጤናማ ነው። ደጋፊ ቁራጭ ያለበትን ጎማ ከ4 ባር በላይ አትንፉ።

ቤት ስትደርሱ

ቀጭን ክር በደንብ ከያዘ ጎማው እስኪያልቅ ሊቆይ ይችላል፤ ውሃ ነክታችሁ አረፋ ከሌለ አትንኩት። የሚያሳስብ ከሆነ ጎማውን አውጡ፣ ክሩን ከውስጥ በኩል ቁረጡ፣ ሲላንቱን አጽዱና አድርቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፣ ማስቲሽ ቀብታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁና ልጥፍ አድርጉ። ልጥፍ የማይይዘው በአብዛኛው የላቴክስ ቅሪት ስለቀረ ነው። የጎኑ ክሮች የተቆረጡበት ጎማ ግን ይቀየር።

ሲላንት የነካውን የመንፊያ ራስና መርፌ በዚያው ቀን እጠቡ፤ ከደረቀ በኋላ የመንፊያው ቀዳዳ ይደፈናል። የተጠቀማችሁበትን ክር፣ ቆርቆሮና የውስጥ ጎማም ቦርሳውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ተኩ፤ ባዶ ቆርቆሮ ከሙሉው ጋር ሲቀላቀል ከውጭ አይለይምና ባዶውን ለይታችሁ አውጡ። ሙሉው በሚዛን ላይ 16 ግራም ይበልጣል፣ የሙሉዎቹ አፍ ደግሞ ገና ያልተበሳ ነው።